ለገጹ የሰጠሁት ዝርዝር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ ጋቢ አለበሰኝ፣ በመስታወት የተለበጠ የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ፣ ዳቦና ለስላሳ አቀረበ። አለቃችን ተነሥቶ ስለ እኔ ሲናገር «በሥራ ዘመኗ ሁሉ አንድም እንከን ያልተገኘባት» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም እንደ ወጉ አንገቴን ደፍቼ አመሰገንኩ። ቤቴ ስገባ ግን ጋቢውን አውልቄ ወንበር ላይ ወረወርኩትና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። «ያልተገኘባት» ማለቱ እውነቱን ነው፣ አልተገኘብኝም። እንከኑ ግን አለ፤ የት እንዳለም ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ዝም ብዬ ከምሞት ልጻፈው ብያለሁ።

አስካለ እባላለሁ። የተወለድኩት ወልቂጤ አካባቢ ነው። ቴፒ የወሰደኝ ትዳር ነው፤ ትዳሩ አልበረከተልኝም፣ ሥራው ግን በረከተልኝ። ደርግ በወደቀ ማግስት በአንድ የቡና እርሻ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ። የቴፒ ሙቀት ቀልድ አያውቅም። ላቤ ወርዶ ወረቀቱን እንዳያበላሽብኝ ክንዴ ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ ነበር የምጽፈው። አንድ ደብዳቤ በአራት ግልባጭ ሲታዘዝ ፊደሉ በኃይል ካልተመታ አራተኛው ወረቀት ላይ ጥላው ብቻ ይቀራል። ከመጠን በላይ ከተመታ ደግሞ የመጀመሪያው ይበሳል። መሀሉን ለማግኘት ዓመት ፈጅቶብኛል። ስቴንስል በሚባለው የማባዣ ወረቀት ላይ ስሳሳት ማረሚያ ቀለሙን ቀብቼ፣ እፍ ብዬ አድርቄ፣ ፊደሉን እዚያው ቦታ ላይ መልሼ እመታለሁ። አለቆቼ ብዙ ነበሩ። አንዱ ቸኳይ፣ አንዱ ነገረኛ፣ አንዱ ደግሞ ደብዳቤ ሲያስጽፈኝ ግማሹን ነግሮኝ «የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ» ብሎ የሚሄድ። ደመወዙ እንደ ጊዜው ነበር፣ አላማርርም።

ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ ከሥራ የምንባረር መስሎን ሦስታችንም ታይፒስቶች ደነገጥን። ሁለቱ አንነካም አሉ። እኔ አዲስ ነገር ወዳድ ነኝና ነካሁት። ጅማ ለሥልጠና ላኩኝ፤ ስመለስ ፎርም የሚሞላ፣ ስም የሚፈልግ ትንንሽ ፕሮግራም መሥራት ጀመርኩ። ማን እንደሚያስገድደኝ እንጃ፣ ብቻ ደስ ይለኝ ነበር። በዚሁ ሰበብ ሚዛን ተፈሪ የጤና ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን አንድ ኮሌጅ በዝውውር ወሰደኝ። ኮሌጁን በስሙ አልጠራውም። ያሳደገኝ ቤት ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው።

እዚያ ነው አቶ ማቴዎስን ያገኘሁት። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ፤ የሸኮ ሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። አማርኛ የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው ስለነበር ቃል አያባክኑም። አንድ ዓረፍተ ነገር ከመናገራቸው በፊት በልባቸው አንብበው የጨረሱት ይመስል ነበር። ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠቡና በመሀረብ ያደርቁታል፤ ሚዛን ዝናብ ነው፣ በረጠበ እጅ ፋይል አይነካም ይላሉ። የሚጽፉት በእርሳስ ነው። አስተማሪ ይሁን ዲን፣ ማንም መጥቶ የተማሪ ፋይል ሲጠይቃቸው ዋናው ከመዝገብ ቤት አይወጣም። ግልባጭ አስነሥተው፣ ማኅተም መትተው ይሰጡታል። አንድ ዲን ተቆጥቶ «እኔን አያምኑኝም?» ቢላቸው «አምናለሁ፣ ጌታዬ። ግልባጩን ግን አዝዣለሁ፣ እየመጣ ነው» አሉት አሉ። ሁለተኛው ልማዳቸው ማመሳከር ነው። ዝርዝር ከመውጣቱ በፊት እሳቸው ዋናውን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ ግልባጩን በጣቴ እከተላለሁ። ሁለት መቶ ስም ቢሆንም ሁለት መቶውንም እናነባለን። መጀመሪያ መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፤ በኋላ ለመድኩት፣ እንዲያውም ወደድኩት።

ግቢው ውስጥ ኔትወርክ ሲዘረጋ ዕድሜዬ ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ነበር። ዌብ ገጽ የሚሉትን ነገር ለመማር ከተማሪዎቹ ጋር ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «እማማ ኮድ» ብለው ስም አወጡልኝ። ይሁን አልኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ የኮሌጁን የምዝገባና የመረጣ ፕሮግራም ብቻዬን ሠራሁት። ተወዳዳሪው፣ ቢሮው፣ ሁሉም በግቢው ኮምፒውተር ከፍቶ የሚያየው ገጽ ሆነ። ኩራቴ ሌላ ነበር፤ መሬት አልረግጥ አልኩ።

ጥፋቴን ለመናገር ሥራውን ትንሽ ማስረዳት አለብኝ። ቴምፕሌት የሚባል ነገር አለ፤ ባዶ ቅጽ እንደማለት ነው። ፕሮግራሙ የተወዳዳሪዎቹን ዝርዝር ከነውጤታቸው ሰብስቦ ይይዛል፣ ከዚያ ለቴምፕሌቱ ይሰጠዋል፣ ቴምፕሌቱ ስሙን በስሙ ቦታ፣ ውጤቱን በውጤቱ ቦታ እየሞላ ሰው የሚያየውን ገጽ ያወጣል። አሰጣጡ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የዝርዝሩን ግልባጭ ሠርቶ ግልባጩን መስጠት ነው። ሁለተኛው ሪፈረንስ ይሉታል፤ ዝርዝሩ የተቀመጠበትን ቦታ ብቻ መንገር ነው፣ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ እንደ መስጠት። ቁልፍ የተሰጠው ገጽ የሚሠራው በዋናው ዝርዝር ላይ ነው። ያኔ የነበሩን ማሽኖች ደካሞች ነበሩ፤ ግልባጭ ሲሠሩ ይንቀራፈፋሉ፣ መብራት ደግሞ እስኪጨርሱ አይጠብቅም። ስለዚህ ቁልፉን ሰጠሁ። ፈጣን ሆነልኝ።

አቶ ማቴዎስ አንድ ከሰዓት በኋላ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና እንዴት እንደሚሠራ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ስክሪኑን ብዙ አዩት።

«ለገጹ የምትሰጪው ምኑን ነው? ዋናውን ነው ግልባጩን?» አሉኝ።

ዋናውን ነው አልኳቸው፣ ለፍጥነት ብዬ። ገጹ ቢነካካውስ አሉ። ሳቅኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በእሳቸው ላይ ሳቅኩ። ገጽ ያሳያል እንጂ አይነካም አልኳቸው። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው ወንበሩን ቦታው መልሰው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ዝርዝር ማመሳከርም ቀረ። ማሽን ያወጣውን ከማሽን ጋር ምን አመሳክራለሁ ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

አቶ ማቴዎስ አንድ ልጅ ብቻ ነበረቻቸው፣ ትዕግሥት። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደጓት ብቻቸውን ነው፤ ፀጉሯን ራሳቸው ሲሠሯት አይቻለሁ። ልጅቷ አዋላጅ ነርስ መሆን ነበር ምኞቷ። እናቷ የሞተችው በወሊድ ነውና ለምን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። በጣም ጎበዝ ነበረች። የመግቢያ ፈተናውን ወስዳ ስትወጣ ቢሮዬ ድረስ መጥታ «እትዬ አስካለ፣ የሚያቅተኝ አልነበረም» ብላኝ ነበር። ቦታው ጥቂት፣ ተወዳዳሪው ብዙ ነው፤ የሚወዳደረውም በዚያው ዓመት የተፈተነ ብቻ ነው። ያ ዓመት ካለፈ አለፈ።

እዚህ ላይ የአቶ ማቴዎስ ጠባይ ገባ። የተወዳዳሪ ማስረጃ ትክክለኛነቱን የሚመረምሩት እሳቸው ነበሩ። የትዕግሥት ፋይል ሲደርስ አልከፈቱትም። «የልጄን ፋይል እኔ አልመረምርም» ብለው ለብቻው አስቀምጠው ምክትል ዲኑ እንዲያየው በጽሑፍ ጠየቁ። ምክትል ዲኑ ለስብሰባ ቦንጋ ሄዶ ነበር። መረጣው የሚካሄድበት ቀን ደረሰ፣ ፋይሉ ሳይመረመር ቀረ። እንዲህ ፋይላቸው ሳይመረመር የቆየ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱ ማስረጃቸው ከሩቅ ዘግይቶ የደረሰ።

የመረጣ ኮሚቴው ተሰብስቦ ወሰነ። አራቱ ውድድሩ ውስጥ ይቆዩ፣ ካለፉ ፋይላቸው በኋላ ይመረመራል፤ ለሕዝብ በሚታየው የተወዳዳሪዎች ገጽ ላይ ግን ለጊዜው ስማቸው አይታይ አለ። ውሳኔው ልክ ነው። ትእዛዙ ለእኔ ደረሰኝ። እኔም ቴምፕሌቱ ውስጥ አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ ፋይሉ ያልተመረመረውን ከዝርዝሩ አውጣ። ከገጹ እንዲጠፉ ነበር ሐሳቤ። ገጹ ግን በእጁ የያዘው ዋናውን ዝርዝር ነው። አራቱንም ከዋናው አወጣቸው። ከዚያ ፕሮግራሙ ያንኑ ዝርዝር ይዞ በውጤት ደረደረና ያለፉትን መረጠ። አራቱ እንደሌሉ ሆኑ። ማሽኑ አልጮኸ፣ ቀይ ነገር አልታየ፣ ሁሉም እንደ ወትሮው ሠራ።

ያለፉት ዝርዝር ተለጠፈ። ትዕግሥት የለችበትም።

ልጅቷ አባቷ እግር ላይ ወድቃ ሂድና ጠይቅልኝ፣ ስህተት አለው፣ እኔ ፈተናውን አውቀዋለሁ ብላ እንዳለቀሰች ሰምቻለሁ። ቅሬታ የሚቀርብበት አምስት ቀን ነበር፤ ቅሬታውን የሚቀበለው መዝገብ ቤት ነው፣ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አባቷ ናቸው። የኃላፊው ልጅ ቅሬታ አቀረበች አይባልም አሏት። በሁለተኛው ቀን ግን ቢሮዬ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። አልገቡም። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር።

«ዝርዝሩ ልክ ነው?» አሉኝ።

የልጃቸውን ስም አልጠሩም። ያን ቀን ተወዳዳሪ ሁሉ እየመጣ ሲጨቃጨቀኝ ውሎ ነበርና ደሜ ፈልቷል። ደግሞ ሥራዬን የተጠራጠሩብኝ መሰለኝ።

«ልክ ነው። ማሽን ነው፣ አያዳላም» አልኳቸው። አንድ ነገር ከፍቼ ሳላይ።

ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሄዱ። ለልጃቸው «ወረቀቱ ልክ ነው፣ አልደረስሽም፣ ተቀበዪው» እንዳሏት ከሰው ሰማሁ። መጠየቃቸውን ግን አልነገሯትም። ለእሳቸው ያችን ታህል መጠየቅ ራሷ ነውር ነበረች። ትዕግሥት በወሩ ልብሷን ጠቅልላ ቴፒ አክስቷ ጋ ሄደች። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ትሠራለች አሉ፣ ቀጥሎ አገባች አሉ። አባቷ ቤት ተመልሳ አልመጣችም፣ ለገናም ለፋሲካም። አቶ ማቴዎስ ስለ እሷ ሲጠየቁ ደህና ናት ይሉና እርሳሳቸውን መቅረጽ ይጀምራሉ።

ስህተቱን ያገኘሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ለሌላ ክፍል አዲስ ገጽ ስጨምር ከገጹ በፊት ያስቆጠርኩትና ከገጹ በኋላ ያስቆጠርኩት የስም ብዛት አልገጠመልኝም። መጀመሪያ የቆጠራ ስህተት መሰለኝ። መስመር በመስመር ስከተል ያቺ «አውጣ» ያልኳት መስመር ላይ ደረስኩ። ትዕግሥት የተወዳደረችበትን ዓመት ዝርዝር ካስቀመጥኩበት አውጥቼ፣ ለገጹ ግልባጩን ሰጥቼ፣ መረጣውን እንደገና አስኬድኩት። ሦስቱ ቢቆዩም አያልፉም ነበር። ትዕግሥት አራተኛ ወጣች። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አራተኛ! ጥገናው የአንድ መስመር ሥራ ነበር፤ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አይፈጅም።

ወረቀቱን ይዤ ለዚያን ጊዜው ዲን ነገርኩት። በሩን ዘጋ። የዚያ ዓመት ተማሪዎች ሊመረቁ ደርሰዋል፣ ማንን አስወጥተን ማንን እናስገባለን አለኝ። እንደገና ላስገባት ብል ደንቡ አይፈቅድልኝም አለ። እውነቱን ነው፣ አይፈቅድለትም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እርስዎም ጡረታዎ ቀርቧል፣ ወይዘሮ አስካለ፣ ምን አስጨነቀዎት?» አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በሰው አላሳብብም። አፌን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

አቶ ማቴዎስ በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጥተው ሸኮ ገብተው ነበር። ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ከአባዱላው ሚኒባስ ወርጄ በእግሬ ስሄድ ለራሴ ስለማመድ ነበር፣ እንዲህ ብዬ እጀምራለሁ፣ እንዲህ ብዬ እጨርሳለሁ እያልኩ። ሲያዩኝ ደስታቸው አንጀቴን በላው። ቡናቸውን በየእግሩ አዞሩኝ፣ ይህ ዘንድሮ ይሰጣል፣ ይህ ታሟል እያሉ። ጎደሬ ተቀቅሎ ከማር ጋር ቀረበልኝ። ስለ ትዕግሥት ጠየቅኋቸው። እልኸኛ ናት፣ እናቷን ናት አሉ። ቀጥለውም «እኔ እውነቱን ነው የነገርኳት። ያልደረሰ ሰው ደርሻለሁ ማለት የለበትም። አንቺም ልክ ነው ብለሽኛል» አሉኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ዝናቡ ሳይመጣ ልሂድ ብዬ ተነሣሁ።

ሁለተኛ የሄድኩ ጊዜ ታመው ነበር፤ ጎረቤት ቤቱን ሞልቶታል። ሰው ፊት እንዴት ብዬ እናገራለሁ አልኩ፤ ሌላ ቀን ብቻቸውን ሲሆኑ። ሰበብ ከፈለጉት መች ይጠፋል? እጄን ይዘው ስለ ኮሌጁ፣ ስለ ፋይሎቹ፣ ስለ ጣሪያው መፍሰስ ጠየቁኝ። ሁሉም ደህና ነው አልኳቸው። አንድ ሳምንት አልቆዩም።

ሲደወልልኝ ቢሮ ነበርኩ። ሸኮ ስደርስ ተቀብረዋል። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው መዝሙር ይዘምራሉ፣ ዝናቡ ሸራው ላይ ያስተጋባል። ትዕግሥት ጥግ ላይ ነበረች፣ ሕፃን ታቅፋ። እሷም ቀብር አልደረሰችም፤ መንገዱ በጭቃ ተይዞ ነበር። ከስታለች፣ ፊቷ የአባቷ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩና ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩትን በጆሮዋ ነገርኳት። ዝርዝሩን፣ ገጹን፣ አራተኛ መውጣቷን። ያለቀሰችው ሳልነግራት አስቀድማ ነው መሰለኝ፣ አላለቀሰችም። ሕፃኑን ከአንዱ ጉልበቷ ወደ ሌላው አዛወረችው።

«እኔ የተቀየምኩት ኮሌጁን አይደለም፣ እትዬ» አለችኝ። «ስህተት የትም አለ። እሱን ነው የተቀየምኩት። እግሩ ላይ ወድቄ ሂድ ጠይቅልኝ ስለው እንቢ አለኝ።»

«ጠይቀውልሻል» አልኳት።

ዞራ አየችኝ።

«በሁለተኛው ቀን መጥተው ጠይቀውኛል። በሬ ላይ ቆመው። ልክ ነው ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ።»

ምን እንዳሉ ቃል በቃል አስደገመችኝ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው እንደነበርም ነገርኳት። ያን ጊዜ ነው ፊቷ የተለወጠው። ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«አምስት ዓመት ቤቱን አልረገጥኩም» አለች። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ ያላት መሰለች። «እርስዎ ይህን ያወቁት መቼ ነው?»

ልዋሽ እችል ነበር። አልዋሸሁም፤ ከሦስት ዓመት በፊት ነው አልኳት።

«እሱ እያለ?»

«እሳቸው እያሉ።»

ተነሣች። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። ልጇን ይዛ በሰው መሀል አልፋ ወዲያኛው ጫፍ ሴቶቹ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። እዚያ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም፤ ሰው ቆሎ ሲያዞር ተቀብያለሁ፣ አልበላሁትም። መኪናው ሊሞላ ነው ሲሉኝ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እደውልላታለሁ፤ ስልኩ ይጠራል፣ አታነሣውም።